የቁልምጫ ስም ባለመብቱ ተጠሪው ነው



ዛሬ የምናገረው በየቤታችን በየዕለቱ ስለምንሰማው፣ ግን አውጥተን ስለማንወያይበት ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት ስለሚጠራሩባቸው የቁልምጫ ስሞች ነው። «ሆዴ»፣ «ውዴ»፣ «ማሬ»፣ «ዓለሜ»፣ «የኔ ጌታ»፣ «የኔ እመቤት»፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ቤቢ» እና «ሃኒ»። እነዚህን ስሞች ሲሰሙ ፊታቸው የሚፈካ ሰዎች አሉ። ሲሰሙ ጥርሳቸውን የሚነክሱ፣ «ምናለ በስሜ ብትጠራኝ» የሚሉም አሉ። እነዚህን ሁለተኞቹን ብዙ ጊዜ «ደረቅ»፣ «ፍቅር የማያውቅ» እያልን እናልፋቸዋለን። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ቁልምጫ የሚያስከፋው ሰው የሚነግረን ቁም ነገር አለ፤ ልናደምጠው ይገባል። የቁልምጫ ስም የሚወጣው ከጠሪው አፍ ቢሆንም፣ ይሁን ወይም ይቅር የማለት መብቱ የተጠሪው ነው። ዛሬ ላስረዳ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ከአገራችን ልጀምር። በእኛ ዘንድ ስም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን፤ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የራሷንና የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ ትዳር ስሟን አይቀይርባትም። በአንጻሩ ስምን በባዶው መጥራት እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ታላላቆቻችንን «ጋሼ»፣ «እትዬ» እንላለን። ነገሥታትና የጦር አበጋዞች በፈረስ ስማቸው ይወደሱ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ነበሩ። በሲዳማና በከምባታ ደግሞ «ባሊሻ» የሚባል የቆየ ወግ አለ። በዚህ ወግ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አታነሣም፤ ከዚያም አልፋ የስሙን መነሻ ክፍለ ቃል የሚጋሩ ሌሎች ቃላትን ትታ በምትካቸው ሌላ ቃል ትናገራለች። አንዲት ሴት ለአንድ ሰው ስም ብላ የዕለት ንግግሯን እስክትቀይር ድረስ ስም የሚከብድበት አገር ነው የእኛ።

ባልና ሚስትም ከዚህ ወግ ውጭ አልነበሩም። በብዙ የቀድሞ ቤቶች ሚስት ባሏን «እርስዎ» ትል ነበር። ልጅ ከተወለደ በኋላ «የእገሌ አባት»፣ «የእገሌ እናት» መባባል ይመጣል። አለዚያም «ስማ»፣ «ስሚ»፣ «ኧረ አንቺ» ይበቃል። ለሌላ ሰው ሲነገር «ባለቤቴ» ይባላል። ይህ ሁሉ ፍቅር ስለጠፋ አልነበረም። ፍቅር የሚታወቀው በሥራ ነበር፤ ከገበያ ሲመለሱ በሚያዝ ነጠላ፣ ሲያመሹ ተከድኖ በሚቆይ ራት፣ በሕመም ጊዜ አልጋ ሥር በሚታደር ሌሊት።

ይሁንና ማቆላመጥ ከውጭ የመጣብን ነው ማለት አንችልም። እናት ወንድ ልጇን «አባቴ»፣ ሴት ልጇን «እናቴ» ብላ ትጠራለች። ወንዱን ልጅ በፍቅር «አንቺ» የምትል እናት በየሰፈሩ አለች። አበበን «አቤ»፣ ሙሉጌታን «ሙሌ»፣ ትዕግሥትን «ትጉ»፣ ሲብስም «ትጉዬ» እንላለን። ከዚያም በላይ፣ ብዙዎቻችን የተጻፈልን ስም ራሱ ቁልምጫ ነው። ፍቅሬ፣ ውዴ፣ የኔነሽ፣ ጥላዬ፣ መከታዬ፣ ዓለሜ፤ እነዚህ የመታወቂያ ስሞች ናቸው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ከልቧ ያወጣችው ቃል መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀርቷል። እንግዲህ የኔነሽ የተባለችን ሴት ባሏ «ቤቢ» ብሎ ሲጠራት፣ በፍቅር የተሞላ ስም ትቶ ሌላ ቃል መፈለጉ ነው። እሷ «ስሜ ምን ጎደለው?» ብላ ብትጠይቅ ትክክል ናት።

ወደ ቅሬታው ምክንያት ከመግባቴ በፊት ለቁልምጫ ስም የሚገባውን ልስጥ። ሮበርት ሆፐር፣ ማርክ ናፕና ሎሬል ስኮት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ጥንዶች በመካከላቸው ብቻ የሚግባቡባቸውን ቃላትና አባባሎች ሰብስበው መርምረዋል። የቁልምጫ ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ካሮል ብሩስና ጁዲ ፒርሰን እንዲህ ያለ የራሳቸው ቋንቋ በብዛት ያላቸው ባለትዳሮች በትዳራቸው ይበልጥ ደስተኞች ሆነው እንዳገኟቸው ጽፈዋል። በብዛት የሚጠቀሙበትም ገና ልጅ ያልወለዱ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ «ሆዴ» ማለት ትዳር ያጸናል አይልም። ደስተኞች ስለሆኑ ቋንቋ ፈጥረው ሊሆን ይችላል። ደግሞም የተጠናው ጥንዶቹ ራሳቸው አብረው የፈጠሩት ቋንቋ ነው።

አብሮ መፍጠር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሁለት የታወቁ ትዳሮች ይነግሩናል። ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ ተዋናይቷን ኦልጋ ክኒፐርን እ.ኤ.አ. በ1901 አገባ። እሱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ያልታ፣ እሷ በሥራዋ ምክንያት ሞስኮ ስለነበሩ አብዛኛው ትዳራቸው በደብዳቤ አለፈ። በደብዳቤዎቹ «ውሻዬ» ይላት ነበር። የእንግሊዙ ዊንስተን ቸርችልና ክሌመንታይን እ.ኤ.አ. በ1908 ከተጋቡ በኋላ ከአምሳ ዓመት በላይ ሲጻጻፉ፣ እሱ ራሱን አንዳንድ ጊዜ «አሳማ» ብሎ ይፈርም፣ እሷ «ድመት» ነበረች። ከፊርማቸውም አጠገብ የእንስሳ ሥዕል ይሥሉ ነበር። በእኛ አገር ውሻም አሳማም ስድብ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ግን የሙቀት ምንጭ ነበሩ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ተቀብለዋቸዋል፣ ስሞቹም የሚኖሩት በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር። ቃሉ ራሱ ጣፋጭ ወይም መራራ አይደለም ማለት ነው። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ስምምነት ነው የሚያጣፍጠው። ስምምነቱ በሌለበት «ማሬ» እንኳ ይመራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ሰዎችን የሚያስከፋቸው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት አደባባይ ነው። የቁልምጫ ስም ለሁለት ሰዎች የተበጀ ነው፤ በሌላ ሰው ፊት ሲነገር ያንን ሰው ከክፍሉ ያስወጣዋል። አማት፣ ዋርሳ፣ የሥራ ባልደረባ በተቀመጡበት ማዕድ «ሆዴ፣ ወጥ ልጨምርልሽ?»፣ «በቃኝ ማሬ» ሲባባሉ እንግዶቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ። ከእንግዶቹ ይልቅ የሚሳቀቀው ግን ብዙ ጊዜ ተጠሪው ራሱ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ የምትመራ ሴት፣ ባሏ ቢሮዋ ገብቶ በሠራተኞቿ ፊት «ቤቢ» ሲላት፣ በዓመታት የገነባችው ግርማ ሲሸራረፍ ይሰማታል። ለእሱ ፍቅር ነው፤ ለእሷ የቤቷን ምስጢር ለሰው ማሳየት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያም እንዲሁ ነው። ሚስት ለባሏ ልደት «የኔ ንጉሥ» ብላ በፌስቡክ ትለጥፋለች፤ እሱ ደግሞ የሰማው ከጓደኞቹ ነው። «ለእኔ የተጻፈ ከሆነ ለምን ለእኔ አልተላከም?» የሚል ጥያቄ በልቡ ቢያድር አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የቃሉ መርከስ ነው። የታክሲ ረዳቱ «እናቴ፣ ጠጋ በይ» ይላል። ባለሱቁ «የኔ ቆንጆ፣ ምን ልስጥሽ?» ይላል። ዕቃ በስልክ የምትሸጠው ልጅ ደንበኛዋን ሁሉ «ውዴ» ትላለች፤ በቲክቶክ የሚቀርበው ሰው ተመልካቹን በሙሉ «ውዶቼ» ይላል። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ በበለጠ ያውቁታል። አሜሪካ ውስጥ አስተናጋጇ ለማታውቀው ተመጋቢ «ሃኒ» ልትል ትችላለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ሀቢቢ» የነጋዴና የሾፌር ቋንቋ ጭምር ነው። በእስራኤል «ማሚ» መንገድ ላይ ለተገኘ ሰው ይነገራል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲባል የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ቃል ከትዳር ጓደኛው ሲሰማ ከገበያ ያልወጣ ይመስለዋል። ከዚህም የከፋው፣ ከቀድሞ ፍቅረኛ ጋር ያገለገለው ስም ለአዲሲቱ ሲሰጥ ነው። የተሰጣት ስም ሌላ ሴት የለቀቀችው መሆኑን ያወቀች ሚስት ብትቀየም ማን ይከሳታል?

ሦስተኛው ምክንያት ጊዜው ነው። በጠብ መሀል «እሺ የኔ ፍቅር፣ አንተ ሁልጊዜ ልክ ነህ» ሲባል ቁልምጫው መሣሪያ ሆኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ ቁስሉን ይዞ ይመጣል፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። በጠብ ጊዜ አፍ ለማዘጋት የሚውልም ቁልምጫ አለ። እሷ የቤት ኪራዩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የዘመዱን ብድር ልታነሣ ስትል «ተይው የኔ ማር» ይባላል፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ተቆላምጦ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ሲፈልግ ብቻ የሚያቆላምጥ ሰው ነው። ወር ሙሉ «አንቺ» ሲል ከርሞ ገንዘብ ሲቸግረው «ዓለሜ» የሚል ባል ያላት ሴት፣ «ዓለሜ» በተባለች ቁጥር ቦርሳዋን ትጠብቃለች።

አራተኛው ማሳነስ ነው። ቃል ሊያሳንስ ይችላል፤ ድምፅም እንዲሁ። ለአዋቂ ሰው ድምፅን አቅጥኖ፣ ከንፈርን አሹሎ «ሕፃኔ»፣ «ማሙሽዬ» ማለት አንዳንዱን ያስደስተዋል፤ ሌላውን ግን ከጎልማሳነቱ ያወርደዋል። ከሰውነት ጋር የተያያዙት ይብሳሉ። «አጭሬ» ወይም «ድንቡሼ» በጫጉላ ጊዜ ያስቅ ይሆናል። ልጅ ወልዳ፣ ሰውነቷ ተለውጦ፣ መስታወት ፊት ስትቆም የሚከፋት ሴት ግን ያንኑ «ድንቡሼ» ስትሰማ ቁልምጫውን አትሰማም፤ የምትሰማው ስለ ሰውነቷ የተሰጠ ፍርድ ነው። እሷ ተለውጣለች፤ ስሙ ግን አብሯት መለወጥ እንዳለበት ጠሪው አላስተዋለም።

አምስተኛው ምክንያት ከጠሪውም ከቃሉም በፊት የነበረ ሕይወት ነው። አባትና እናቱ «እርስዎ» እየተባባሉ በክብር ሲኖሩ ያየ ልጅ፣ ፍቅር ማለት በሥራ የሚገለጥ ነው ብሎ አድጓል፤ ጣፋጭ ቃል ይበዛበታል። በሌላ ቤት ደግሞ አባት ሰክሮ ገብቶ እናትን ከደበደበ በኋላ ጠዋት «የኔ እመቤት» ሲላት የሰማች ልጅ አለች። ዛሬ ደግ ባል አግብታ «የኔ እመቤት» ሲላት ትከሻዋ ይኮማተራል። እሱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ በእርግጥም አላጠፋም። ቃሉን ግን መቀየር ይችላል።

ስድስተኛውን ለይቼ ማንሣት የምፈልገው ከሁሉ ያነሰ የተነገረለት ስለሆነ ነው። የገዛ ስማቸውን የተራቡ ሰዎች አሉ። አንዲት እናት በሰፈር «የእገሌ እናት» ናት። በልጆቿ ዘንድ «እማዬ»፣ በመሥሪያ ቤት «ወይዘሮ»፣ በትምህርት ቤት በር ላይ «ወላጅ» ናት። ቀኑን ሙሉ በስሟ በቅርበት የሚጠራት ሰው የለም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያንን ስም በልጅነቷ ዜማ የሚያውቀው አልቀረም። እንዲህ ያለችው ሴት ባሏን «በስሜ ጥራኝ» ስትለው ለፍቅር ጀርባ እየሰጠች አይደለም። እጅግ ቅርብ የሆነውን ነገር ነው የጠየቀችው፤ ከማንም ሚስት፣ ከማንም እናት ለይቶ እሷን ብቻ የሚያመለክተውን ቃል ነው የፈለገችው። ወንዱም እንዲሁ ነው። «ጌታው»፣ «አለቃ»፣ «አባዬ» ሲባል የሚውል ሰው ማታ በስሙ ሲጠራ ሸክሙ የሚቀልለት ጊዜ አለ።

ክቡራን ታዳሚዎች፤ ከእነዚህ ምክንያቶች ሥር አንድ የጋራ ጥያቄ አለ። ሥልጣኑ የማን ነው? ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ አውሮፓ ቋንቋዎች ተውላጠ ስሞች በጻፉት የታወቀ ጽሑፍ፣ አንዱ «አንተ» እያለ ሌላው «እርስዎ» የሚል ከሆነ የበላይና የበታች አለ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃል ሲጠራሩ ግን ወይ ቅርበት ወይ የጋራ አክብሮት አለ ብለዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያደግንበት ነው። ሚስት «እርስዎ»፣ ባል «አንቺ» በሚባባሉበት ቤት ማን እንደሚያዝ ልጆቹም ያውቁት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን አስቀርቶ ሁለቱን በእኩል መብት አቆማቸው። በሠርግ ላይ ግን ሣራ አብርሃምን ጌታዬ ብላ እንደጠራችው የሚያወሳው የጴጥሮስ መልእክት እስከዛሬ ይነሣል። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በመኃልየ መኃልይ፣ ሙሽራው ሙሽራይቱን በርግብ እየመሰለ፣ እህቱም እያደረገ ያወድሳታል፤ እሷም ለእሱ የውዳሴ ቃል አታጣም። ሁለቱም ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ይቀበላሉ። እኔ ለአዲስ ተጋቢዎች ይህኛው እንዲነበብላቸው እመኛለሁ።

ስለዚህ የቁልምጫ ስም በቤታችሁ ደህና መሆኑን የምታውቁበት ፈተና ቀላል ነው። እኩል አጸፋ አለው ወይ? እሱ «ሕፃኔ» ሲላት እሷ «ጌታዬ» የምትል ከሆነ፣ ቁልምጫው የድሮውን መሰላል በማር ለውሶ አቁሞታል። «ተው» ብትል ይቆማል ወይ? ካልቆመ፣ ስሙ የፍቅር መሆኑ ቀርቷል።

ጉርሻን አስቡ። ምርጡን ቁራሽ የሚለይ፣ የሚጠቀልል፣ እጁን የሚዘረጋ አጉራሹ ነው። አፉን የሚከፍት ግን ጎራሹ ነው። የሚችለውን መጠን የሚያውቀውም እሱ ነው፤ ከአፉ በላይ የሆነ ጉርሻ፣ በፍቅርም ቢሰጥ፣ ያንቃል። «በቃኝ» ያለን ሰው አፉ ላይ የሚገፋ አጉራሽ አፍቃሪ አይባልም። ቁልምጫም እንዲሁ በተጠሪው ፈቃድ የሚሰጥ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምመክረው ጥቂት ነው። ጠሪዎች ሆይ፣ ጠይቁ። በቤት ውስጥ የሚወደደው በአማት ፊት ላይወደድ ይችላልና ቦታውንም ጠይቁ። በጠብ ጊዜ ቁልምጫን አታንሡ፤ ለሰላሙ ቀን ይቆያችሁ። ለሁሉም ሰው የምትሉትን ለአንዱ ሰው እንደ ስጦታ አታቅርቡ። ከዓመታት በኋላም እንደገና ጠይቁ፤ ሰው ይለወጣል።

ተጠሪዎች ሆይ፣ ተናገሩ። ይሉኝታ ይዟችሁ አሥር ዓመት ለምትጠሉት ስም «አቤት» አትበሉ። ያ የታፈነ ቅያሜ አንድ ቀን በማይመለከተው ነገር ላይ ይፈነዳል፤ የትዳር ጓደኛችሁም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ስትናገሩ ግን ስሙን እንጂ ሰውየውን አትንቀፉ። «ፍቅርህን እወደዋለሁ፤ በዚህ ቃል ስትጠራኝ ግን ይከብደኛል፤ በስሜ ስትለኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል። የምትፈልጉትን ከነገራችሁ የምትጠሉትን መንገር ቀላል ይሆናል።

ከዳር ሆነን የምንሰማ ሰዎችም ድርሻ አለን። የሌላውን ባልና ሚስት ቁልምጫ አንሥቶ መሳለቅ ነውር ነው። የቼኾቭን «ውሻዬ» ማንም ሦስተኛ ሰው ሊዳኘው አይችልም ነበር። ሁለቱ ከተስማሙበት የእነሱ ነው፤ ለጆሯችን ካልጣመ ወሬውን ማዞር እንችላለን።

«ባልና ሚስት ከአንድ ውሃ ይቀዳል» ይባላል። ይህ ቢሆንም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት የልጅነት ታሪክ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ስም አላቸው። ትዳር የሚያድገው አንዱ የሌላውን ጆሮ ሲያውቅ ነው። ብዙ ዓመት አብሮ ኖሮ የሚስቱ ልብ በየትኛው ቃል እንደሚሞቅ፣ በየትኛው እንደሚቀዘቅዝ የማያውቅ ባል፣ ወይም የባሏን የማታውቅ ሚስት፣ ቢተኙም ቢነሡም ገና አልተዋወቁም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ገንዘብም ሊቅነትም አያስፈልግም። «በምን ስጠራሽ ደስ ይልሻል?»፣ «በምን ስጠራህ ደስ ይልሃል?» ብሎ መጠየቅና ለተሰጠው መልስ መታመን ይበቃል። መልሱ «ሆዴ» ከሆነ ሳትሳሱ «ሆዴ» በሉ። መልሱ «በስሜ» ከሆነ ደግሞ እናቱ ያወጣችለትን፣ አባቷ ያወጣላትን ስም በሙሉ ልባችሁ ጥሩ።